ስሙ ያልተጻፈበት ግጥም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ከኋላው ትቶ ቁልቁል ሲወርድ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያየ ያህል ይሰማዋል። ከላይ በደጋው ጋቢውን ተከናንቦ የነበረው ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል፤ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ ማንጎና ሽንኩርት የያዙ ልጆች ወደ መኪናው ይሮጣሉ። ይህን ለውጥ ለወዳጁ ሊነግር የፈለገ መንገደኛ ምን ያህል ቃል ያስፈልገዋል? አንዱ ሙሉ ገጽ ይጽፍበታል። ሌላው ግን «ጋቢዬን አጠፍኩ» ብሎ ዝም ቢል፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከእንዲህ ያለው አጭር ንግግር የተነሣ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢያቸውን ነዋሪ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ፣ ጠርተው ሀይኩ በተባለው የጃፓኖች አጭር ግጥም ያወዳድራሉ። ነገሩ ሲታይ ቀላል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ይኸው ውድድር በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ቢደረግ ምን መልክ ሊኖረው ይገባል ብለን ባሰብን ጊዜ፣ ጨዋታ ያልሆነ ጥያቄ ከውስጡ ወጣ። ይኸውም፣ ሰው የሌላውን ሰው ቃል በምን ሚዛን ሊመዝን ይገባዋል? ሚዛኑን ከማንሣቱስ በፊት የተናጋሪውን ማንነት ማወቅ ይገባዋልን፣ ወይስ አይገባውም? የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሀይኩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያሻል። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አምስት፣ ሰባትና አምስት፣ በድምሩ 17 የድምፅ ምቶች። ግጥሙ ወቅቱን የሚያመለክት አንድ ቃል እንዲይዝ፣ በመካከሉም አንባቢው ቆም ብሎ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እንዲያይ የሚያደርግ አንድ መቁረጫ እንዲኖረው ልማዱ ያዝዛል። ቀድሞ ብዙ ገጣሚዎች ተሰብስበው እየተቀባበሉ የሚያወርዱት የረጅም ግጥም መክፈቻ ነበር። ማትሱዎ ባሾ (1644–1694 እ.ኤ.አ.) ይህን መክፈቻ ከፍ ወዳለ ጥበብ አደረሰው፤ ሀይኩ የሚለውን ስም ያጸናለት ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተነሣው ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902 እ.ኤ.አ.) ነው። አገራችን ከጃፓን ጋር ያላት የመጻሕፍት ትውውቅ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ተልከው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል፤ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። እነርሱ ከዚያ አገር ሊያመጡልን የፈለጉት ታላቁን ነገር፣ ሥልጣኔውን ነበር፤ እኛ ዛሬ የምንዋሰው ትንሹን ነው።

አማርኛ በዚህ ልክ ይሰፋል ወይ? የሚል ሰው አይታጣም። ጃፓኖች፣ ከጥቂት ፊደላት በቀር፣ አንዱን ፊደል አንድ ምት አድርገው ይቆጥራሉ። የእኛም ፊደል ከነድምፁ የሚጻፍ ስለ ሆነ ሥራው የቀለለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳድሱ ያስቸግራል። «አልመጣችም» የሚለውን አንድ ቃል ብንወስድ በብዕር ሲቆጠር ስድስት ፊደል ነው፤ ገና በአንድ ቃል የመጀመሪያው ስንኝ ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። በአፍ ሲቆጠር ግን አል፣ መጥ፣ ጣ፣ ችም ተብሎ በአራት ምት ያበቃል። ገጣሚዎቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚቆጥሩት በጆሯቸው ነው፤ የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ምት ይዞ የሚሄደው በቃል ተለክቶ እንጂ በጽሕፈት ተቆጥሮ አይደለም። ስለዚህ በአፍ መቁጠሩ ይሻላል ባዮች ነን። ደግሞም አማርኛ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ ጊዜውንና አሉታውን በአንድ ግሥ ጠቅልሎ መያዙ ለአጭር ግጥም የተመቸ ጸጋ ነው። በሌላ ቋንቋ አራትና አምስት ቃል የሚፈጀውን እኛ በአንድ ትንፋሽ እንለዋለን።

አጭርነትም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ይህም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ደክሞ ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ተማሪው ሲያወጣና ሲያወርድ የዋለውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ የተሰማውን ቅኔ እንደ አዲስ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ዳኝነት ነው። ስለዚህ «ግጥም የልብ ነገር ነውና አይዳኝም» የሚሉ ሰዎች በእኛ አገር ልማድ ላይ ቆመው ሊከራከሩ አይችሉም። ልዩነቱ ግን የቅኔ ቤቱ ዳኛ መምህር መሆኑ ነው። ተማሪውን ያውቀዋል፤ ከየት እንደ መጣ፣ በምን እንደሚደክም፣ የቱ ላይ እንደሚሰንፍ ያውቃል። የሚፈርደውም ሊያሳድገው ነው። በእንዲህ ያለው ፍርድ የሰውዬውን ማንነት ማወቅ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። የውድድር ዳኛ ግን ማንንም ሊያሳድግ አልተቀመጠም፤ አንዱን ከአንዱ ሊያበላልጥ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ የመምህሩ እውቀት በእርሱ እጅ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል።

በጃፓንም ይህ ጥያቄ ቀድሞ ተነሥቷል። በባሾ ዘመን ለግጥም ነጥብ እየሰጡ በክፍያ የሚተዳደሩ ዳኞች ነበሩ፤ ሌሊትና ቀን ነጥብ ለመሰብሰብ የሚሮጡ ገጣሚዎችም አልጠፉም። ባሾ በ1692 እ.ኤ.አ. ለአንድ ወዳጁ በላከው ደብዳቤ ገጣሚዎችን በሦስት ደረጃ ሲከፍል እነዚህን ነጥብ ፈላጊዎች ከሁሉ በታች አኖራቸው። ሆኖም ፈጽሞ አልረገማቸውም፤ ቢያንስ የዳኛውን ቤተ ሰብ ያበላሉ፣ ከከፋ ሥራም ይህ ይሻላቸዋል በሚል አነጋገር በፈገግታ አልፏቸዋል። ይህ ፍርድ ለእኛ ደስ ይለናል፤ የሰውን ድካም ሳይንቅ ደረጃውን ይነግረዋልና። ከዚያ ወዲህም ጃፓኖች ውድድሩን አልተዉትም። ጋዜጦቻቸው በየሳምንቱ ከአንባቢ የመጡ ግጥሞችን መርጠው ያትማሉ፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የሻይ ኩባንያ የተመረጡትን ግጥሞች በሻይ ጠርሙሱ ላይ እያተመ ይሸጣል። ስለዚህ ነጥብ መፈለጉ ግጥሙን አልገደለውም ማለት ነው። ለዳኛው ደስታ ብሎ መጻፍ ጉዳት መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ይህ ጉዳት በግጥም ውድድር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ስብከት አዘጋጅቶ የአድማጩን ፊት የሚያይ ሰውም ያውቀዋል።

ወደ ይፋት እንመለስ፤ የሚያሳስበን ነገር ያለው በዚያ ነውና። ይህ ቆላ ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ በወላስማ ሥርወ መንግሥት ሥር የነበረው የይፋት ሱልጣኔት አገር ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ ያልፍበት ነበር። ዛሬም የሰንበቴን ገበያ እሑድ ቀን ሄዶ ያየ ሰው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ላይ ቆመው፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ሲገበያዩ ያገኛቸዋል። የመንዙማው ዜማና የማኅሌቱ ዜማ በአንድ ሌሊት የሚሰማበት አገር ነው። ነገር ግን በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ሸዋ ሮቢትም ከጉዳቱ አላመለጠችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ቁልቁል ደርሶ ከተማዋ ለጥቂት ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በዚያው ወር መጨረሻ ተመልሳ በመንግሥት እጅ ገባች። ስለ ማን ምን እንዳደረገ በዚህ ገጽ ላይ ልንናገር አልተነሣንም። ልንናገር የምንወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከዚህ በኋላ በዚያ አገር የሰው ስም ስም ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። አንዱ ስሙን ሲናገር ሌላው ሃይማኖቱን፣ ወገኑን፣ በዚያ ወር የት እንደ ነበረ ጭምር ከስሙ ውስጥ ሊያነብ ይሞክራል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ከተማ ቤተ መጻሕፍቱ ውድድር ጠርቶ የአሸናፊዎቹን ስም በግድግዳ ላይ ቢለጥፍ ምን ይሆናል? ሰው ግጥሙን ሳያነብ ስሙን ይቆጥራል። «ከእነርሱ ስንት? ከእኛስ ስንት?» ይላል። ዳኛው ቅን ቢሆንም ቅንነቱን የሚያምንለት አያገኝም፤ ስሞቹን አመዛዝኖ ለሁሉም ወገን አንዳንድ ሽልማት ቢያድል ደግሞ፣ ግጥሙን ትቶ ሰላም ገዛ እንጂ አልፈረደም። ይህ ሁለተኛው ነገር መልካም መስሎ ስለሚታይ የበለጠ ያሳስበናል። ለመልካም ግጥም የተሰጠ ሽልማትና ለወገን የተሰጠ ድርሻ በአንድ ወረቀት ላይ ሲጻፉ አይለዩም፤ የተሸለመው ልጅ ራሱ የቱን እንደ ተቀበለ አያውቅም። ለልጅ ከዚህ የባሰ በደል አለን?

ጃፓኖች ኩካይ የሚሉት የግጥም ጉባኤ ለዚህ ችግር አንድ መልስ አለው፤ ሥርዓቱን ዘርዘር አድርጎ መናገር ይጠቅማል። ተሰብሳቢው ሁሉ ግጥሙን በትንንሽ ወረቀት ላይ ስሙን ሳይጽፍ ያሰፍራል። ወረቀቶቹ ይደባለቃሉ፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ገና ይታደላሉ። እያንዳንዱም የደረሱትን የሌሎች ግጥሞች በራሱ እጅ ጽሕፈት በአንድ ወረቀት ላይ ይገለብጣል፤ ይህም የሚደረገው ማንም ሰው የማንንም እጅ ጽሕፈት አይቶ ባለቤቱን እንዳያውቅ ነው። የተገለበጡት ወረቀቶች ዙሪያውን ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ የወደዳቸውን ይመርጣል፤ የተመረጡት በከፍተኛ ድምፅ ይነበባሉ። ግጥሙ ሲነበብለት የሰማ ባለቤት በዚያን ጊዜ ብቻ ስሙን ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ዳኛ የሚባል ለብቻው ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው የግድ አያስፈልግም፤ ሁሉም ገጣሚ ሁሉም ዳኛ ነው። ሁሉም ደግሞ የሚፈርደው ሳያውቅ ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ ስናየው ሙሉ መልስ መስሎን ነበር። ቆይተን ስናስብበት ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ገጠመን። ስሜን ደብቄ ካልቀረብኩ በቀር ቃሌን በቅንነት የማይሰማኝ ጎረቤት፣ በእውነት ሰማኝ ይባላልን? ስም እድፍ አይደለም። አባትና እናት በደስታ ያወጡት፣ በጥምቀት ወይም በዐቂቃ የተጠራ፣ አያት የሞተበት ስም ነው። «ስምህን ትተህ ግባ» የሚል በር፣ ለሰው የተከፈተ በር አይመስልም። ደግሞም ዓይኑን ሸፍኖ ብቻ የሚያዳላ እንዳይሆን የሚጠነቀቅ ሰው፣ መሸፈኛው በወረደ ጊዜ ምን ያደርግ ይሆን? በገበያ ላይ፣ በቀበሌ፣ በሕክምና ቤት ሰው ከነስሙ ነው የሚቀርበው።

ይህን ተቃውሞ ቀላል አድርገን አናየውም። ሆኖም የኩካይን ሥርዓት ደግመን ስንመረምር፣ ስሙ የሚደበቀው ለዘለቄታው እንዳልሆነ አስተዋልን። ስሙ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ክብደት ያለው በዚህ መዘግየት ውስጥ ነው። አንድ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ከፊቱ ካሉት ሠላሳ ግጥሞች አንዱን መረጠ እንበል፤ የመረጠውም የበልግ ዝናብ ስትጠብቅ ስለ ነበረች አንዲት እናት የሚናገር ሆኖ፣ የራሱን እናት ስላስታወሰው ነው። ግጥሙ ይነበባል። ከክፍሉ ጥግ አንድ ድምፅ ስሙን ይናገራል፤ ስሙም ያ ሰው ሊሰማው የማይወደው ዓይነት ስም ነው። አሁን ምን ያደርጋል? ምርጫውን መልሶ ሊውጠው አይችልም፤ «ይህን ወደድኩ» ብሎ በጽሑፍ አኑሯል። ስሙን አስቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ግጥሙን አያየውም ነበር፤ ስሙን ጨርሶ ባይሰማ ኖሮ ደግሞ ስለ ራሱ ምንም አይማርም ነበር። ፍርዱ ከስሙ ስለ ቀደመ፣ በፍርድ የተያዘው ገጣሚው ሳይሆን ራሱ ዳኛው ነው። ይህን ሰው እንዲወድ ማንም አላስገደደውም፤ ይቅር እንዲልም አልተጠየቀም፤ ምናልባትም ተነሥቶ ከክፍሉ ይወጣ ይሆናል። ቢወጣም አንፈርድበትም።

ሌላ ተቃውሞ ደግሞ አለ፤ እርሱም ስሙ ቢሰወርም ግጥሙ ራሱ ይናገራል የሚል ነው። ሀይኩ የወቅት ቃል ይፈልጋል ብለናል። ጥምቀት ብሎ የጻፈና ዐረፋ ብሎ የጻፈ ሰው ማንነቱን ተናገረ። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ የእስልምናው አቆጣጠር በጨረቃ ስለ ሆነ ረመዳን በየዓመቱ በዐሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል። ታዲያ ረመዳን የየትኛው ወቅት ቃል ነው? የየትኛውም አይደለም። በታኅሣሥ የዋለ ረመዳንና በግንቦት፣ በሮቢት ሙቀት፣ ያለ ውኃ የዋለ ረመዳን አንድ አይደሉምና፣ ገጣሚው የቱን እንደ ጾመ በሌላ ምልክት ሊነግረን ይገባዋል። ጃፓኖች ያላሰቡትን ሥራ የይፋት ገጣሚ ይሠራል ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ለመሸሽ፣ በዓል አይነሣ፣ ሁሉን የሚያስማማ ቃል ብቻ ይጻፍ ይሉ ይሆናል፤ የማሾ ለቀማ፣ የሽንኩርት ችግኝ፣ የሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ግሪሳ ወፍ። እነዚህ መልካም ቃላት ናቸው። ነገር ግን የጎረቤቴን ጾም እንዳልሰማ የሚጠብቀኝ ሕግ የሚጠብቀኝ ከምንድን ነው? በዓሉ ይግባ እንላለን። በአርጎብኛ፣ በአፋርኛም ሆነ በኦሮምኛ ጽፎ የመጣ ቢኖርም ከነትርጉሙ ይነበብለት፤ አማርኛ ብቻ የሚሰማ ዳኛ ግማሹን ከተማ ሳይሰማ ሊፈርድ ነውና።

ስለ ግጥሙ ባሕርይም አንድ የምንለው አለ። እኛ ያደግነው በሰምና ወርቅ ነው። ሰምና ወርቅ ኃይለኛውን ሳያስቆጡ ለመገሠጽ ጠቅሟል፤ ከዚህ የበለጠ ብልኅ የሆነ የንግግር ጥበብ በብዙ አገር አይገኝም። ነገር ግን ይኸው ጥበብ ጎረቤትን አቁስሎ «እኔ የተናገርኩት ሰሙን ነው» ለማለትም ያመቻል። ቀረርቶና ፉከራስ ቢሆን? በሁለት ስንኝ ስንት ሰው ለጠብ እንደ ተነሣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሀይኩ በዚህ በኩል ድሃ ነው፤ የሚለው ያየውን ነው። ሺኪ ተከታዮቹን ያስተማረውም ያዩትን ነገር እንደ ሠዓሊ ከነመልኩ እንዲያኖሩት ነበር። በዐሥራ ሰባት ምት ውስጥ ክስ ለማቅረብ ቦታ የለም። ይህ ድህነት ቁስል ባለበት አገር ጥቅም ይኖረዋል ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ፣ ቤት በተቃጠለበት መንደር ስለ ሽንኩርት አበባ መጻፍ እውነትን መሸሽ አይሆንምን? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ አስጨንቆናል። ኮባያሺ ኢሳ (1763–1828 እ.ኤ.አ.) የተባለው ገጣሚ በ1819 እ.ኤ.አ. አንዲት ሕፃን ልጁ በፈንጣጣ ሞተችበት። ኀዘኑን የጻፈው በዚሁ በትንሹ ግጥም ነው፤ የጻፈውም ስለ ጤዛ ነው። ነገር ግን ያን ግጥም ያነበበ ሁሉ ስለ ጤዛ ብቻ እንደ ተጻፈ አይሳሳትም። እንግዲህ ትንሽ ነገር ማየት ትልቁን መሸሽ የሚሆነው ተመልካቹ ሲዋሽ ነው። እኛም ለሙከራ ያህል፣ ገጣሚዎች ሳንሆን፣ አንድ ጽፈናል፤ ምቱን በአፍ ብትቆጥሩት ዐሥራ ሰባት፣ በፊደል ብትቆጥሩት ግን ሃያ ስድስት ነው፤

ማማው ባዶ ነው፤
ወንጭፉን ማን አነሣው?
ማሽላው ደርሷል።

የማሽላ ጠባቂ በማማ ላይ ሆኖ ግሪሳን በወንጭፍ እንደሚያባርር ለቆላ ሰው አይነገረውም። ይህን ያነበበ አንድ ወዳጃችን ጠባቂው ወደ ጦርነት ሄደ ብሎ ተረጎመው፤ ሌላው ተፈናቅሏል አለ፤ ሦስተኛው ሳቀና ልጁ ውኃ ሊጠጣ ወርዷል አለ። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሦስተኛውን ግን እንዲሆን የምንመኘው ነው። በውድድር ቢቀርብ እንደማይመረጥ እናውቃለን፤ ጥያቄ ያለበት ስንኝ አንባቢውን እጁን ይዞ ይመራዋልና።

ለምን በቤተ መጻሕፍት? ቢባል፣ በሌላ ቦታ ቢሆን በር ላይ ጫማውን የሚያወልቅና የማያወልቅ፣ የሚሳለምና የማይሳለም ስለሚለያዩ ነው። በቤተ መጻሕፍት በር ላይ የሚጠየቀው ዝምታ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ አብርሆት የተባለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የተመረቀው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ሸዋ ሮቢት ከተዋጊዎች እጅ በወጣች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለቱን ዜናዎች በአንድ ወር የሰማ ሰው ምን እንዳሰበ እንጃ። የወረዳ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከዚያ ጋር አይነጻጸርም፤ ጥቂት መደርደሪያ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች፤ ቀትር ላይ ደግሞ ጥላ ብሎ የገባ ሽማግሌ። ለኩካይ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ሽልማቱን በተመለከተ ገንዘብ እንዳይሆን እንመክራለን፤ ገንዘብ ካለ ለወረቀትና ለሻይ ይበቃል።

ከሥርዓቱ ሁሉ ልባችን ላይ የቀረው ግን ግልባጩ ነው። መምረጥ የሰው ፈቃድ ነው፤ መገልበጥ ግን የታዘዘ ሥራ ነው። በዕጣ የደረሰህን ግጥም፣ ወደድከውም ጠላኸውም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በራስህ እጅ ትጽፈዋለህ። የመድረሳው ልጅ በሉሑ ላይ፣ የቆሎ ተማሪው በብራናው ላይ የሌላውን ቃል ሲገለብጥ ኖሯል፤ የሚገለብጠው ግን ሁልጊዜ የራሱን ወገን ቃል ነበር። አንድ ችግር እዚህ ላይ ይነሣል። ሠራዊቱን በእሳቱ ሰ፣ ኀዘኑን በሃሌታው ሀ የጻፈ ልጅ ወረቀት ቢደርሰን እናርመው ወይስ እንዳለ እንተወው? በመካከላችን ክርክር ተደርጎበት ነበር። የፊደል ነገር የሚያንገበግባቸው አባት ይታረም አሉ፤ ልጆች የሚያስተምሩት ደግሞ ይታረም ካልን ቃሉንም ማረም እንጀምራለን አሉ። የተስማማነው እንዳለ እንዲገለበጥ ነው፤ አባም በመጨረሻ እሺ ብለዋል፤ ነገር ግን ጉባኤው ሲበተን ልጁን ለብቻው ጠርተው ስለ ሠና ሰ ሊነግሩት መብታቸው እንዲጠበቅላቸው ጠይቀዋል።